ሁለተኛው ግልባጭ

ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ…

ድምፁን የሰማሁት ጎጆ ውስጥ ነው። ጎጆ ስላችሁ የሣር ቤቱን ማለቴ አይደለም፤ ከተማዋን ነው። ምዕራብ ሸዋ፣ ጀልዱ ወረዳ፣ ከጊንጪ ተገንጥላችሁ ደጋ ደጋውን ስትወጡ የምታገኟትን። ስሟ ጎጆ ይሁን እንጂ ቤቶቿ ቆርቆሮ ከለበሱ ቆይተዋል።

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ነበር። ጉሙ እስከ ደጃፍ መጥቷል፤ የጀልዱ ድንች ምድጃው ላይ ይንተከተካል፤ እኔ ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፌ የእህቴን የልጅ ልጆች ዙሪያዬን ሰብስቤያለሁ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ዓመታት አልፈዋልና የሚኖረው በግድግዳው ሶኬት ነው። መብራት ሄደ። መጣ። ደግሞ ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ አልከፍት አለ። ጥቁሩ መስኮት ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ከሆዱ ውስጥ ያ ድምፅ ይሰማል።

«ምን ሆነ?» አለች እህቴ ከጓዳ።

«ምንም አይደል፣ እትዬ» አልኳት። ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚመጣለት ቃል ይኸው ነው።

ምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ። በ1992 ዓ.ም. እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ምድጃ አጠገብ፣ አባቴን በቴፕ ቀድቼው ነበር። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ነው፤ ሁለቱም ገጽ። አባቴ ያን ጊዜ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። በኦሮምኛ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ጣሊያን ዘመን፣ እናቱ እንዴት እንዳሳደገችው አወራልኝ። በ1998 ዓ.ም. ድምፁን ወደዚህ ላፕቶፕ አስገባሁት፤ ኦሮምኛውን በቁቤ ጻፍኩት፤ ከሥሩ የአማርኛ ትርጉም አዘጋጀሁለት። «አንድ ቀን መጽሐፍ ይሆናል» እያልኩ። አባቴ በ2000 ዓ.ም. አረፈ።

ካሴቱስ? አትሉም? ካሴቱ ላይ ሠርግ ተቀዳበት። ልጆቹ ባዶ ካሴት ሲፈልጉ መጥተው ጠየቁኝ፤ እኔው ራሴ ነኝ «ውሰዱት፣ ኮምፒዩተር ውስጥ አለ» ብዬ የሰጠሁት። ስለዚህ የምወቅሰው ሰው የለም። አስቡት እንግዲህ፤ ለዓመታት ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ጥንታዊ ጽሑፍ ሳስተምር «አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ጽሑፍ በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ነው» እያልኩ ተማሪ ማስታወሻ የማስጻፍ ሰው ነኝ። የቤት ሥራውን ለሰው ሰጥቶ ራሱ ያልሠራ መምህር ማለት እኔ ነኝ።

* * *

ለተማሪዎቼ የማወራላቸው አንድ ታሪክ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር አጼ ቴዎድሮስ ካሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት ብዙውን ጭኖ ሄደ። ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን የብሪታኒያ ሙዚየም ገቡ። ከነዚህ መካከል ክብረ ነገሥት ነበር። አጼ ዮሐንስ ነገሠው ጥቂት እንደቆዩ፣ በ1864 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ያ መጽሐፍ ይመለስልኝ ብለው ለእንግሊዝ መንግሥት ጻፉ። ሙዚየሙ መደርደሪያውን ሲፈትሽ ከመቅደላ የመጣ ክብረ ነገሥት አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንዱን አስቀሩ፣ አንዱን መለሱ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ተማሪ እጁን ያነሣል፤ «መምህር፣ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይመልሱት ነበር?» ይላል። መልሱን እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። መጽሐፉን ወደ አገሩ ያመጣው የንጉሡ ደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን በፊት ብርዑን ቀርጾ፣ ወገቡን አጉብጦ ሁለተኛውን ግልባጭ የጻፈው ስሙን የማናውቀው ሰውዬም አለበት።

መጽሐፈ ሄኖክን ደግሞ ውሰዱ። መጀመሪያ የተጻፈው በአረማይክ ነው፤ ወደ ግሪክ ተተረጎመ፤ ከግሪኩ ወደ ግዕዝ መጣ። ከዚያ በሌላው ዓለም ሰው መገልበጡን ተወው። ያልተገለበጠ መጽሐፍ የሚሞተው በእሳት ብቻ አይደለም፤ በመተውም ይሞታል። አረማይኩ ጠፋ፤ ከግሪኩ ቁራጭ ቁራጭ ቀረ። በየገዳሞቻችን ግን መገልበጡ አልቆመም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ የግዕዝ ቅጂዎችን ይዞ ሄደ፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ጠፋ ብለው ያለቀሱለትን መጽሐፍ ሙሉውን ያነበቡት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ጥንታዊ ጥቅሎች ሲገኙ የአረማይኩ ስብርባሪም አብሮ ወጣ። ስብርባሪውን የሚያገጣጥሙት ሊቃውንት ቁራጩ የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ የሚያመሳክሩት ከግዕዙ ጋር ነበር።

ይኸንን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም የአባቴን ድምፅ አንድ ቦታ ብቻ አስቀመጥኩት።

* * *

ማታውኑ አምቦ ለሚኖረው የእህቴ ልጅ ደወልኩ። ኮምፒዩተር ያጠና ልጅ ነው፤ የሚጠራኝ ኤሱማ እያለ ነው። በኦሮምኛ የእናት ወንድም ኤሱማ ይባላል።

«ኤሱማ፣ አሁንም ድምፁ ይሰማል?»

«ይሰማል። እያጠፋሁ ሳበራው ነበር፣ አራት አምስት ጊዜ።»

«ኧረ በፈጠረዎ! ይንቀሉት። አሁኑኑ። እስክመጣ ማንም እንዳይነካው።»

ነቀልኩት። ጎረቤታችን ወሬውን ሰምቶ መጣና መድኃኒቱን ነገረኝ፤ ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ነው አለ። አንድ የሚያውቀው ሰው እንደዚያ አድርጎ ድኖለታል። ጎጆ ውስጥ በነሐሴ ማቀዝቀዣ መፈለግ ምን ያደርጋል፣ ደጅ ማሳደር ይበቃው ነበር። ግን አላደረግኩትም። ልጁ በማግስቱ ሲመጣ ስነግረው ሳቀ፤ ቀዝቅዞ ሲወጣ ከውስጥ ላብ ያልበዋል፣ ከዚያ ያቺው የቀረችው ተስፋ ትበላሻለች አለኝ።

ይኸ ሃርድ ዲስክ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ። ለካ ውስጡ የሸክላ ማጫወቻ ዓይነት ነገር ነው። እንደ መስታወት የሚያበራ ክብ ሳህን አለ፤ የእኔው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። በላዩ ላይ አንዲት ክንድ አለች፤ ጫፏ ላይ የምታነብና የምትጽፍ ጭንቅላት ተሰክታለች። ጭንቅላቷ ሳህኑን አትነካውም፤ ሳህኑ ሲዞር በሚያነሣው ነፋስ ላይ ትንሳፈፋለች። በሳህኑና በእሷ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋና ሲመጣ፣ ዕድሜም ሲጨመርበት፣ ጭንቅላቷ መንገዷን ትስታለች። ቦታዋን ስትፈልግ ትሄዳለች፣ ታጣዋለች፣ ወደ መነሻዋ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ቀጭ ቀጩ ያ ነው። እኔ በየጊዜው እያጠፋሁ ሳበራው ዓይነ ስውሯን ገደል አፋፍ ላይ እንድትሮጥ እየገፋኋት ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ዲስክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሥራ። ስፋታቸው 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን 50 ሳህኖች ነበሩት፤ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ፤ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነው። የእኔዋ ከኪስ የምትገባ ዲስክ ባለ 80 ጊጋባይት ናት፤ የዚያን 16,000 እጥፍ ትይዛለች። ይሁንና ዲስክ ብዙ በያዘ ቁጥር ሲሞትም ይዞት የሚሄደው ይበዛል። ዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል በብራና ተጽፎ ከ1,300 ዓመት በላይ ኖሯል። የእኔ ዲስክ ሃያ ዓመት አልሞላትም።

* * *

ልጁ የራሱን ላፕቶፕ፣ አንድ አዲስ ትልቅ ዲስክና አንድ ማገናኛ ገመድ ይዞ መጥቷል። የታመመውን ዲስክ ከአሮጌው ሆድ ፈልፍሎ አወጣው። እኔ የጠበቅኩት መጠገን ይጀምራል ብዬ ነው። አልጀመረም።

«መጀመሪያ ግልባጭ ነው፣ ኤሱማ» አለኝ። «የታመመው ላይ ምንም አይጻፍበትም፣ ምንም አይጠገንበትም። ያለውን እንዳለ ወደ አዲሱ እንገለብጣለን፤ ከዚያ በኋላ የምንሠራው በግልባጩ ላይ ነው።»

ይኸን ሲለኝ አቅፌ ልስመው ዳዳኝ። እኔ በግዕዝ ጽሑፍ ያስተማርኩትን እሱ በብረት ደግሞ እያስተማረኝ ነው።

ሥራው በሊኑክስ በሚሠራ፣ ዲዲሬስኪዩ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፤ በቀላሉ የሚነበበውን መጀመሪያ ጠራርጎ ይገለብጣል። የሚያንገራግር ቦታ ሲደርስ አይታገልም፣ አልፎት ይሄዳል። የዘለለውን ግን በአንዲት መዝገብ ላይ ምልክት ያደርግበታል። ጤነኛው ካለቀ በኋላ ወደ ተዘለሉት ተመልሶ በትንሽ በትንሹ ይሞክራል። መዝገቧ ስላለች መሀል ላይ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል፤ ጎጆ ላይ ደግሞ መቋረጡ አይቀርም። ጎበዝ ቁም ጸሐፊም ገጹ ርሶ የማይነበብ ቦታ ሲገጥመው መጽሐፉን ዘግቶ አይሄድም፤ ባዶ ቦታ ይተውለትና ይቀጥላል።

«ግን እወቁት» አለ ልጁ ገመዱን ከመሰካቱ በፊት፣ እናቱንም እኔንም እያየ። «ድምፁ ካላቆመና ዲስኩን ካላወቀው፣ ፕሮግራም የሚያደርግለት ነገር የለም። አቧራ በሌለበት ልዩ ክፍል ተከፍቶ ጭንቅላቱ መለወጥ አለበት፤ እሱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ነው። ካወቀውም ስንገለብጥ ሊሞት ይችላል። ልሰካው?»

እኔ ዝም አልኩ። እህቴ ናት የመለሰችው፤ «ሰካው እንጂ! ተዘግቶ ተቀምጦማ ምን ይናገራል?»

ሰካው። ቀጭ አለ። ቀጭ አለ። ሦስተኛውን ጠበቅን፣ አልመጣም። መሽከርከር ጀመረ።

* * *

መገልበጡ ሦስት ሌሊት ፈጀ። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ እኔም ቡናዬን ይዤ ስለ ሌሎች የማዳን ሥራዎች አስብ ነበር። በማዕከላዊ እስር ቤት ስለነበረው ሰው ለምሳሌ።

ገጣሚውና የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነቢይ መኮንን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ እጁ ላይ የአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል ትልቅ ልብ ወለድ ይገባል። እስር ቤት ውስጥ የሚጻፍበት ወረቀት የለም። ስለዚህ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለችው ወረቀት ላይ መተርጎም ጀመረ። ወደ 3,000 የሚጠጉ ወረቀቶች! ወረቀቶቹ መልሰው ፓኮ ውስጥ እየገቡ በሚፈቱ እስረኞች ኪስ ተበታትነው ወጡ። እሱም ሲፈታ የወጡትን ሰዎች እያፈላለገ ሰበሰባቸው። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለን ያነበብነው መጽሐፍ የተገኘው እንዲህ ነው። ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ብቻ ነበር። ወረቀቶቹን ያዳናቸው መበታተናቸውና የያዟቸው ሰዎች አለመጣላቸው ነው። አንድ ሲጋራ አጫሽ ፓኮውን ጨምድዶ ቢወረውረው አንድ ገጽ ሄደ ማለት ነበር።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ደግሞ አስታውሱ። በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሰውየውን ልናተርፈው አልቻልንም። መጽሐፉ ግን ከመሰብሰቡ በፊት የገዙት ሰዎች ዘንድ ተደብቆ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ዳግም ታተመ። ሰብሳቢዎቹ ያልቻሉት አንድ ነገር ነው፤ ሁሉንም ቅጂ በአንድ ቀን ማግኘት።

የተደራጀ ሥራም ነበረን። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም መነሣት ጀመሩ። ቆይቶ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። አንዱ ፊልም አዲስ አበባ ቀረ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ገባ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ቁጭ ብለው ፊልሙን በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያነቡ፣ ሲዘረዝሩ ኖሩ። ከዚያ በኋላ አገራችን ያየችውን ጦርነት፣ ቃጠሎና ስርቆት ታውቁታላችሁ። ብራናው የጠፋ እንደሆነ ፊልሙ ይመሰክራል።

* * *

በሦስተኛው ሌሊት መጨረሻ ልጁ ቀሰቀሰኝ። ጥቂት ቦታዎች ሙሉ በሙሉ እምቢ ብለዋል፤ የቀረው ተገልብጧል። የታመመውን ዲስክ ነቅሎ በጨርቅ ጠቀለለውና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

ፈተናው ግን ገና ነበር። ከተበላሹት ቦታዎች አንዱ ማውጫው ያለበት ሆኖ ተገኘ። ሃርድ ዲስክ እንደ መጽሐፍ ነው፤ ገጽ አለው፣ ማውጫም አለው። ማውጫው ቢቀደድ ገጾቹ አይጠፉም፤ የትኛው የት እንዳለ ግን የሚናገር የለም። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ በስሕተት ፋይል ስታጠፉም የሚሠረዘው መጀመሪያ ማውጫው ላይ ያለው መስመር ነው፤ ገጹ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ይቆያል። ስለዚህ የጠፋባችሁ ዕለት በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አትጻፉበት። ይኸ ግን ለሚሽከረከሩት ዲስኮች ነው፤ አሁን የመጡት የማይሽከረከሩት፣ ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባሉት፣ የተሠረዘውን ገጽ ራሳቸው ቶሎ ያጸዱታል።

ልጁ ፎቶሬክ የሚባል ሌላ ፕሮግራም አስነሣ። እሱ ማውጫ አይጠይቅም፤ ገጽ ገጹን እየገለጠ «ይኸ ፎቶ ይመስላል፣ ይኸ ጽሑፍ ይመስላል፣ ይኸ ድምፅ ይመስላል» እያለ ይለቅማል። ለቀመ። ግን ፋይሎቹ ስማቸው የለም፤ ሁሉም ቁጥር ሆነዋል። «የአባዬ ቃል» ብዬ የሰየምኩት ፋይል እንደ እስረኛ ባለ ቁጥር ሆኖ ከሺህ ቁጥሮች መሀል ተቀምጧል። አንድ ቀን ሙሉ ስንከፍት ስንዘጋ ዋልን።

መጀመሪያ የተገኘው የቁቤው ጽሑፍ ነው። ተከፈተ፤ ጥርት ብሎ ተነበበ። የእህቴ የልጅ ልጅ ላፕቶፑን ቀማንና የቅድመ አያቷን ቃል ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

ቀጥሎ የአማርኛው ትርጉሜ ተገኘ። ተከፈተ። ምን ልበላችሁ! የፈረንጅ ፊደል ላይ ጭረት፣ የገንዘብ ምልክት፣ ግማሽ ቅንፍ፣ ነጥብ፣ ደግሞ ጭረት። ስድስት ወር የለፋሁበት አማርኛ የድመት ጥፍር የቧጨረው ግድግዳ መስሏል።

«ይኸም ተበላሽቷል» አልኩ።

«አልተበላሸም» አለ ልጁ። «ፋይሉ ደህና ነው። የጠፋው ፊደሉ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ጀምሮ ጣጣችን አንድ ነው፤ ፊደላችን ከ200 በላይ፣ የፈረንጅ መኪና ቁልፍ ግን ጥቂት። ኮምፒዩተር ሲመጣም ያው ሆነ። ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው በመላ የራሳቸውን መንገድ አበጁ፤ በላቲን ፊደልና ምልክቶች ቦታ ላይ የግዕዝን ቅርጽ አስቀመጡ። ባይኖሩ ኖሮ በዚያ ዘመን የትኛው ጋዜጣችን ይታተም ነበር? ግን የአንዱ ሀ ለሌላው በ ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የላቲኑ ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ያ ፎንት ሲኖር ብቻ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቋሚ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ 345 ምልክቶች ተመዘገቡለት። ተራው ሰው ቤት እስኪደርስ ግን ጊዜ ወሰደ፤ ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው። እኔ ትርጉሜን የጻፍኩት ከዚያ በፊት ነበር።

ቁቤው ለምን ተነበበ? በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን እንዲጻፍ ሲወሰን ስንቱ እንደተከራከረ አስታውሳለሁ፤ ክርክሩን አሁን አልከፍተውም። ኮምፒዩተሩ ግን ክርክር አያውቅም፤ የላቲን ቦታ ከመጀመሪያውም ስለነበረው ሳያንገራግር አሳየን። ተቃራኒውም አለ። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ደክመውበት እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነው። ዛሬ በቁቤ ብቻ የተማረ ልጅ ያንን መጽሐፍ ቢገልጠው ቃሉ የእናቱ ቋንቋ ነው፤ ዓይኑ ግን አያነበውም። መጽሐፉ አልጠፋም፤ እሱ ጋ ለመድረስ የግድ ፊደል ያወቀ ሰው መሀል ላይ መቆም አለበት። ስለዚህ ሁለተኛ ግልባጭ ብቻውን አይበቃም፤ ማንበቢያውም አብሮ መቀመጥ ነበረበት።

የእኔን ማንበቢያ ያገኘነው አምቦ ነው። የጽሕፈት አገልግሎት ያላት አንዲት ሴት መሳቢያዋን ስትፈትሽ የድሮውን ሶፍትዌር ሲዲ አወጣች። «ጥዬው ነበር እኮ ልለው ስል ነው» አለች እየሳቀች። ልጁ ፎንቱን ጭኖ፣ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ለውጦ ላከልኝ። አማርኛዬ ተመለሰ። አንዳንድ ቦታ አሁን ሳነበው «ምነው ባልተመለሰ» የሚያሰኝ ነው፤ ግን የኔ ነው።

* * *

ድምፁ የተገኘው በመጨረሻ ነው። ከ60 ደቂቃው 47ቱ።

አባዬ ተናገረ። ሳል አለው፤ ከበስተጀርባ ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታል፤ አንድ ቦታ ላይ ዶሮ ገብታ እሽ ይላታል። ልጆቹ ሳቁ። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ሰማች። በጣሊያን ዘመን ስለነበረው ራብ ያወራል። ወታደሮቹ እህል ሊፈትሹ ይመጣሉ መባሉን ሰምተው እናቱ ሌሊት ተነሥታ የዘር ገብሱን ከጎታ ስታወጣ ይናገራል። «ከዚያ እናቴ…» ይላል። ከዚያ ፍሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

ልጁ ወደፊት ገፋው፣ ወደኋላ መለሰው። ዲስኩ እምቢ ካላቸው ቦታዎች አንዱ ይኸ ነው። ወደ ጽሑፉ ሄድን፤ እኔ ደግሞ ያን ቦታ ሳልጽፈው «በኋላ ይሞላል» ብዬ ሦስት ነጥብ አድርጌበት አልፌያለሁ። ሦስት ነጥብ!

«ሁለት ቦታ ቀበረችው» አለች እህቴ።

ሁላችንም ዞር አልን።

«አንዱን ከበረቱ ሥር፣ ፍጉን አንሥታ። አንዱን ደግሞ ከወንዙ ማዶ ወንድሟ ማሳ ዳር። የበረቱን አገኙት፤ በሳንጃ እየወጉ ነው የፈለጉት። የማዶውን አላገኙትም። በሰኔ የተዘራው እሱ ነው። አባዬ "እኔ የበላሁት የማዶውን ነው" ይል ነበር።»

ልጇ ስልኩን አወጣና እንደገና እንድትናገር ለመናት። ተናገረች። በሁለተኛው ላይ የበረቱ ጉድጓድ በድንጋይ የተከደነ ሆነ፤ በመጀመሪያው ፍግ ብቻ ነበር። የጽሑፍ መምህር ነኝና ልዩነቱን አስተዋልኩ፤ ሁለቱንም መዝግቤዋለሁ። የትኛው ቅጂ ነው ያለ ልዩነት የሚኖረው?

ዛሬ የአባዬ ቃል አምቦ ልጁ ዘንድ አለ፣ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ አለ፣ ጎጆ እህቴ ሣጥን ውስጥም አለ፤ እዚያ ያለው በወረቀት ታትሞ ነው። ሙያተኞቹ ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላሉ። እኔ እንኳ ይኸን ደንብ የጠበቅኩት ከአያቴ ሰማንያ ምናምን ዓመት ዘግይቼ ነው።

ከጎጆ የተመለስኩ ዕለት ተሳፍሬ መኪናው እስኪሞላ እህቴ በመስኮቱ በኩል ቆማ ትሸኘኛለች። አንድ ነገር ከነከነኝና ጠየቅኳት፤ «እትዬ፣ ይኸን ሁሉ ዓመት ታሪኩን እያወቅሽው ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?» አለች። «አንተ የምትጠይቀው ማሽንህን ነበር።»